በ4417 የሚጀምር ካርድ

መስከረም 8

ለተወደድከው የወንድሜ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ ካላየ ዝም ይላል። ባለህበት ክፉ አይንካህ፣ ሥራህን ያቃናልህ፣ ወጥተህ በሰላም የምትገባ ያድርግህ።

«ድምፅዎን ቀርጸው ይላኩልኝ» ያልከኝን አልሰማሁህም። ሃያ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስመታ የኖርኩ ታይፒስት ነኝ። ቀን የሌለው፣ ሰላምታ የሌለው ነገር ከእጄ አይወጣም። በኢሜይል ቢሄድም ደብዳቤ ደብዳቤ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አሁንም ክሊኒኩ መዝገብ ቤት፣ ያው መስኮት ላይ ነኝ። ወደ ውጭ አገር ከመሄድህ በፊት የሠራህልን ፕሮግራም ዐሥር ዓመቱን ይዞ ዛሬም ይሠራል፤ ካርድ የምናወጣው በእሱ፣ የላብራቶሪ ውጤት የምናየው በእሱ ነው። ሰሞኑን ግን ጉድ ገጠመኝ። አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶባት ናሙና ከሰጠች አምስት ሳምንቷ። በየማክሰኞው ትመጣለች። ቁጥሯን እመታለሁ፣ «ውጤት አልደረሰም» ይለኛል። ላብራቶሪ እሄዳለሁ፣ «ኧረ እኛ ከላክን ቆየን!» ይሉኛል። ተመልሼ እመታለሁ፣ «አልደረሰም»። በወረቀት መላክ ደግሞ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀርቷል፤ እነሱም ከላኩ በኋላ የሚያዩት በዚያው ገጽ ነው።

ኃላፊያችን «ካልጠራናቸው ደህና ናቸው ማለት ነው» ይላል። ሐኪሞቹም ያንኑ ለምደዋል። ልብስ ሰፊዋ ግን «ደህና ከሆንኩ ደህና ነሽ የሚል ወረቀት ስጡኛ!» ብላ ድርቅ አለች። እውነቷን እኮ ነው።

በስልክ ስጠይቅህ «እትዬ፣ እሱ አሮጌ ነው፣ ጣሉት» አልከኝ። በምን እንተካው? ሁለት ባለሙያ ተጠርተው መጡ፤ ኮድህን ከፍተው አዩና አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ራሱን ይዞ ወጣ። ስለዚህ ቆርጫለሁ፤ አስተምረኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በመነጽር አያለሁ፣ ጣቶቼ ግን ካንተ ይፈጥናሉ። ያቺን ሴት «አልደረሰም» እያልኩ መመለስ አልቻልኩም፤ ማክሰኞ ሲመጣ መፍራት ጀምሬአለሁ።

አክስትህ


መስከረም 21

ለማከብርዎ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ይማርልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እኔ ያለሁበት ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው አለ፤ ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ስለሚውል ደብዳቤዎን እያነበብኩ ብቻዬን ስስቅ የሰማኝ የለም። ሳቄ ሲያልቅ ግን ደነገጥኩ። የምርዎን ነው እንዴ?

እሺ፣ ከመሠረቱ እንጀምር። ፕሮግራም ማለት ምንም ለማይገባው፣ የተባለውን ግን ቃል በቃል ለሚፈጽም ሠራተኛ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ «ቫሪያብል» የሚባለውን ይወቁ፤ አንድ ነገር የሚቀመጥበት፣ ስም የተጻፈበት ቦታ ነው፤ ልክ መዝገብ ቤት እንዳሉት ማህደሮችዎ። ቀጥሎ «ከሆነ» አለ፦ ዕድሜው ከአምስት በታች ከሆነ ወደ ሕፃናት ክፍል ላከው፣ ካልሆነ ወደ አዋቂ። ሦስተኛው መደጋገም ነው፦ ሰልፉ እስኪያልቅ ድረስ ተራ በተራ ጥራ። የተቀረው ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ የሚሠራ ነው።

ባዶ ፋይል ይክፈቱና ስም ተቀብሎ ሰላም የሚል ገጽ ይጻፉ፤ በብሮውዘር ከፍተው ይዩት። ሲበላሽ አይደንግጡ፣ የተበላሸበትን መስመር ራሱ ይነግርዎታል።

የእኔን ፋይሎች ግን ለጊዜው አይንኩብኝ። በተለይ «ውጤት ማሳያ» የሚለውን። እሱ ከተነካ ሁሉም ይናዳል። ሴትየዋ ለጊዜው ሌላ ክሊኒክ ሄዳ ብትመረመር አይሻልም ይሆን?

የሚወድዎ


ጥቅምት 3

ለሊቁ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ጤናህን፣ እንቅልፍህን፣ ምግብህን ሁሉ ጠይቄአለሁ በል። አሁን ግን ቁጭ በልና ስማኝ።

ሰላም የሚለውን ገጽ በአንድ ቀን ጨረስኩት። ሰላም አለኝ፤ እኔም ደንግጬ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ መለስኩለት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የመዝገብ ቤቱን ሰልፍ የሚቆጥር ሠራሁ። ከዚያ አላስችል አለኝና የአንተን ፋይሎች ቅጂያቸውን አንስቼ ከፈትኳቸው።

ኧረ አንተ ልጅ! ምን ጉድ ነው ያየሁት? አራት ሺህ መስመር በአንድ ፋይል! ስማቸው ደግሞ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አሁን»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ»! ለመሆኑ ማሬ ማን ናት? ካርድ የምታወጣ ማሬ፣ የምትሰርዝ ማሬ ሁለት፣ ስልክ ቁጥር የምትይዝ ማሬ ሦስት። መቶ አሥራ ሁለት ቦታ ቆጠርኳት። እኔ መዝገብ ቤት ውስጥ ማህደሩን ሁሉ «ማሬ» ብዬ ብጽፍበት በማግስቱ ያባርሩኝ ነበር።

ዕድሜ የሚያሰላውን ደግሞ አሥራ አንድ ቦታ ገልብጠኸዋል። የሆነ ጊዜ ስሕተት አግኝተህ አሥሩን አርመህ አንዱን ረስተሃል። የረሳኸው የክትባት ክፍሉን ነው። ለካ ለዚህ ነው እዚያ ገጽ ላይ ሕፃን ሁሉ አንድ ዓመት የሚጨምረው! ነርሶቹ ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ እየቀነሱ ነው የሚጽፉት፤ አዲስ ነርስ ስትመጣ የመጀመሪያ ትምህርቷ «እዚህ ጋ አንድ ቀንሺ» ነው። ማንም የጠየቀ የለም። እንዲህ ነው አሉ፣ እንዲህ ሆነ።

አሥራ አንዱን ሰርዤ አንድ ቦታ ብቻ ጻፍኩትና ሁሉም ከዚያ እንዲጠይቁ አደረግኩ። ስሙንም «ዕድሜ አስላ» አልኩት፤ የሚያደርገውን በስሙ ጠራሁት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግን ለነርሶቹ ሳልነግር ነው። በማግስቱ እነሱ እንደለመዱት አንድ ሲቀንሱ፣ የዓመት ልጆች ሁሉ ዜሮ ሆኑና ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ማረም ብቻውን አይበቃም ለካ፤ የሚጠቀምበትን ሰው ማስጠንቀቅም አለ።

ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞ መጣች። ሌላ ክሊኒክ እንድትሄድ ነገርኳት፤ «የሰጠሁት ሥጋዬ እናንተ ጋ ነው፣ ሁለተኛ አልቆረጥም» አለችኝ። ስለዚህ ውጤት ማሳያውን ልከፍተው ነው። ምን እንደማልነካ ብቻ ንገረኝ።

አክስትህ


ጥቅምት 29

ለማከብርዎ እትዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እንደምን አሉልኝ? ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ፊቴ በእፍረት ተቃጠለ። ማሬን አይጠይቁኝ፤ አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። ያደረጉት ሁሉ ግን ልክ ነው። ያ የጻፉት «ፈንክሽን» ይባላል፤ አንድ ሥራ፣ አንድ ቦታ፣ ሥራውን የሚናገር ስም። እዚህ አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ይህን እስኪገባቸው ዓመት ይፈጅባቸዋል። ሌላም ልጨምርልዎ፦ ከማረምዎ በፊት ፈተና ይጻፉ። የሚያውቁት ሰው ዕድሜ ስንት መውጣት እንዳለበት አስቀድመው ይጻፉና ፕሮግራሙ እሱን ማውጣቱን ራሱ ያረጋግጥልዎ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ።

ስለ ውጤት ማሳያው ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። አዲስ ኮምፒውተር ልላክልዎ፤ አዲሱን ፕሮግራም ደግሞ እዚያው ያለ ድርጅት እንዲሠራላችሁ እኔ ራሴ ልዋዋል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያልቃል። አሮጌው እንዳለ ይጣላል፣ ማንም አይከፍተውም። እስከዚያ እባክዎ ይተዉት። ስለምወድዎ ነው የምለው።

የሚወድዎ


ኅዳር 2

ልጄ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሃያ ስድስት ቀን ጠብቄ የደረሰኝ መልስ «ይተዉት» የሚል ነው። ልብስ ሰፊዋ ዐሥራ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ስለዚህ አልተውኩትም። ትናንት ከፈትኩት።

መልሼ ሳላነብ ነው የምጽፍልህ፤ የፊደል ግድፈት ካየህ እለፈው።

ፋይሉ ንጹሕ ነው። ማሬ የለችበትም። መካከሉ ላይ ግን አንዲት መስመር አለች፦ የካርዱ ቁጥር በ4417 የሚጀምር ከሆነ «ውጤት አልደረሰም» በል። ሌላ ምክንያት የለም፣ ማብራሪያ የለም። የልብስ ሰፊዋ ካርድ 44172 ነው!

በቅጂው ላይ መስመሯን አንስቼ ቁጥሩን መታሁ። ውጤቱ ድርግም ብሎ መጣ። ከዐሥራ አንድ ሳምንት በፊት ደርሶ እዚያው ቁጭ ብሏል። ክፉ ነው። ከሥሩ የላብራቶሪው ሐኪም «በአንድ ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና ቢደረግ የመዳን ተስፋው ከፍተኛ ነው» ብሎ ጽፏል። በአንድ ወር ውስጥ! እኔ በየማክሰኞው እየተቀበልኩ ስመልሳት ነበር። ከዚያ ለማንም ሳልናገር ኮቴን አንስቼ ሱቋ ሄድኩ፤ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ቀና ብላ ፊቴን ስታይ መቀሱን ራሷ አስቀመጠችው።

እሷን ለሐኪሙ አስረክቤ ተመለስኩ። ከ44170 እስከ 44179 ያሉትን ዐሥር ካርዶች አወጣሁ። ሁሉም በአንድ ቀን ጠዋት፣ በእኔው እጅ የወጡ ናቸው። ሰባቱ ደም ወይም ናሙና የሰጡ ሰዎች ናቸው። ለሰባቱም «አልደረሰም»። ስድስቱ ካልተጠራን ደህና ነን ብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል።

አሁን መልስልኝ። 4417 ብቻውን የማን ካርድ እንደሆነ አልጠፋኝም፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት። የአባትህ ነው። የወንድሜን ውጤት ከእኔ መስኮት የደበቅኸው ለምንድን ነው?


ኅዳር 3

እትዬ፣

ዛሬ አልዘገየሁም። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

አባዬ ነው ያዘዘኝ። ሐኪሙ ያን ጊዜ በወረቀት የመጣለትን አይቶ በቃሉ ነግሮታል። አባዬ ቢሮዬ መጣና በሩን ዘጋው። «የሽማግሌ በሽታ ነው አሉኝ፤ አይድንም፣ አይገድልም፣ አብሮ ያረጃል። ግን እህቴ መስኮቱ ላይ ናት፤ ካየችው ሳልሞት ለቅሶ ትቀመጥልኛለች። እንዳይታያት አድርግልኝ» አለኝ። ሳቀ እኮ! እኔም ሳቅሁ። ልሄድ ሦስት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ የጉዞ ወረቀቴ አልቋል፣ ደስታ ላይ ነበርኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ናሙናው ሲደጋገም ካርዱ 4417 ሰረዝ አንድ፣ ሰረዝ ሁለት እየተባለ ስለሚሄድ ሁሉንም በአንዴ ልሸፍን ብዬ «የሚጀምር» አልኩ። ሰረዟን ራሷን መጨመር ነበረብኝ። ቁጥሩ አምስት አሃዝ ይደርሳል፣ ሌላ ሰው ይገባበታል ብዬ አላሰብኩም። ለአባዬ ብቻ የሆነ መሰለኝ። ሰባት ሰው፣ እትዬ! እኔ እኮ እዚህ የሰው ኮድ እያየሁ «ይህ አይለፍ» የምል ሰው ነኝ፤ ደመወዜ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው።

ውጤቱን አላነበብኩትም። በእጄ ነበር፣ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነበር፣ ግን ፈራሁ። አባዬ ያለኝን ብይዝ ይሻለኛል አልኩ። በሄድኩ በዓመቱ ሲያርፍም «ልቡ ነው» ስትሉኝ ልቡ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

መስመሯን ያጥፏት። የአባዬን ገጽ ግን እንዳይከፍቱት፤ አብረው ይሰርዙት። ለማን ይጠቅማል? ይህን ብቻ እለምንዎታለሁ።


ኅዳር 24

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥህ፣ ብርታት ይስጥህ። ይህን ስታነብ ብቻህን አትሁን፤ ከዚያ ማዳመጫ ካደረጉት አንዱን ጥራና አጠገብህ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ስለ ሰባቱ። አራቱ ንጹሕ ናቸው። አንዱ ሹፌር ነው፤ ስኳሩ የት ደርሶ መሪ ይዞ ሲዞር ነበር፤ መድኃኒት ጀምሯል። አንዷ ነፍሰ ጡር መምህርት ናት፤ ደሟ እጅግ አንሶ ተገኝቶ ተኝታ ታከመች። ልብስ ሰፊዋ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ሐኪሙ «ዘግይቷል፣ ግን አላመለጠንም» አለ። ትናንት ሄጄ አየኋት፤ ስትሰድበኝ ዋለች፣ ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ለሁሉም የሆነውን ነግሬአለሁ፤ የማን እጅ እንደሆነም አልደበቅኩም። ኃላፊው ሊያፍነው ሞክሮ ነበር፤ እንቢ አልኩ።

መስመሯን አጠፋሁ። ያስተማርከኝን ፈተናም ጽፌበታለሁ፦ ላብራቶሪ የላከው ውጤት ሁሉ፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ መታየት አለበት። አንድ ሰው ሁለተኛ ሊሸፍን ቢሞክር ፕሮግራሙ ራሱ ይጮኻል።

መስመሯ ስትጠፋ የአባትህ ገጽም አብሮ ተከፈተ። ይሰርዙት ያልከኝን አልሰረዝኩም። እንዳይከፍቱት ያልከኝንም ከፈትኩት። ወንድሜ ነው፤ አንድ እናት ናት የወለደችን።

አልነግርህም ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት አብሮኝ ዋለ፣ አብሮኝ አደረ። ግን «ካልነገርናቸው ደህና ናቸው» ማለት ምን እንደሚያመጣ እንደገና እስኪነገረኝ አልጠብቅም። ይኸውልህ።

የሽማግሌ በሽታ አይደለም። ከአንጀቱ የተወሰደ ናሙና ነው፣ ክፉ ነው። ከሥሩ ያው ሐኪም፣ ያው ቃል፦ «በአንድ ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና ቢደረግ የመዳን ተስፋው ከፍተኛ ነው»። ቀኑ አንተ ከመሄድህ ሦስት ወር በፊት ነው።

ሊድን ይችል ነበር። ያውቅም ነበር። አስታምመዋለሁ ብለህ እንዳትቀር ነው የዋሸህ፤ አስገድጄ ሐኪም ቤት እንዳልወስደው ነው ከእኔ የሸሸገው። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቤቱ ሄጄ «ሥራ ፈትተህ ነው የምትከሳው፣ ተነስተህ ተንቀሳቀስ» እያልኩ እቆጣው ነበር። ሳቀ እኮ፤ በእኔም ሳቀ። ተናድጄበታለሁ፤ መቃብሩ ላይ ቆሜ ጮኼበታለሁ። አንተንም ተቆጥቻለሁ። ግን ልጄ ነህ፤ መልስልኝ።

አክስትህ


ጥር 30

እትዬ፣

ሁለት ወር መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ። ስልክዎን ያላነሳሁት አውቄ ነው። የደብዳቤ ሰላምታ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

የሄድኩ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኘኝ አባዬ ነው። ትልቁን ሻንጣ ከእጄ ነጥቆ ራሱ ተሸከመው። «ተው፣ ይከብድሃል» ስለው «ምን ሆኜ?» አለኝ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበረ። አየሁት፤ ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም፤ ይህችን ብቻ ነው የማየው።

ቢሮ እገባለሁ፣ የሰው ኮድ ይሰጡኛል፣ አነባለሁ። እያንዳንዷን «ከሆነ» ሳይ ከኋላዋ ሰው ያለ እየመሰለኝ እጄ ይቆማል። አለቃዬ ዕረፍት ውጣ አለኝ፤ አልወጣሁም። ቤት ብውል ምን አደርጋለሁ?

ቁጣዎን ተቀብያለሁ። ስለነገሩኝ አልቀየምኩም። አንድ ልመና ብቻ አለኝ።

መስመሯ የነበረችበት ቦታ ባዶ ሆኖ አይቅር። ኮዱ ውስጥ ኮምፒውተሩ ዘሎት የሚያልፈው፣ ለሚቀጥለው ሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ ማስገባት ይቻላል፤ ከፊቱ ሁለት ጭረት ያድርጉና ይጻፉ። እዚህ ቦታ ላይ በ4417 የሚጀምረውን ሁሉ የሚደብቅ ትእዛዝ ነበረ፣ ሰባት ሕመምተኛ ሸፍኖ ነበር ይበሉ። ከእርስዎ በኋላ የሚከፍተው ሰው ማን ጻፈው ማለቱ አይቀርም።

«ልጁ ነው የጻፈው፤ የአባቱን ውጤት ሳያነብ» ብለው ይጻፉበት።